ውለታ ሌላ፣ ዲፖዚት ሌላ

እኔ ይህን ጋዜጣ የማገኘው እንጀራ ልገዛ ስገባ ከምግብ ቤቱ በር አጠገብ ካለው መደርደሪያ ላይ ነው። የሰው ጽሑፍ አንብቤ፣ ስቄም አዝኜም፣ አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ እከተዋለሁ እንጂ አንድ ቀን እኔም እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ብዕር ያስነሣኝ ነገር በቁጥር ትንሽ ነው፤ 1300 ዶላር ነው። ነገር ግን በዚህ ገንዘብ ምክንያት ዘመድ አኩርፎኛል፣ እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሐሳቤ ከቅዳሴው ወጥቶ ሄዷል። ብዙዎቻችን ተመሳሳይ ነገር ደርሶብን በሆዳችን ይዘነው እንደምንኖር ስለማውቅ፣ ለአንድ ሰው እንኳ ቢጠቅም ብዬ የሆነውን እንደሆነው ልንገራችሁ። ዓመቱን ሁሉ የምጠራው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ወደዚህ አገር የመጣሁት በ2019 መጀመሪያ ነው። ለጥቂት ወራት አክስቴ ልጅ ዘንድ ሶፋ ላይ ካደርኩ በኋላ፣ በመስከረም ወር እዚሁ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የአንድ ያገራችን ሰው ቤዝመንት ተከራየሁ። አንድ ክፍል፣ ትንሽ ማድ ቤት፣ የራሱ መታጠቢያ ያለው ነበር። ኪራዩ በወር 1300 ዶላር፣ ዲፖዚቱም እንዲሁ 1300። ሊዝ የሚባል ወረቀት አልተፈራረምንም። «ምን ወረቀት ያስፈልጋል፣ ልጄ አይደለሽ?» አሉኝ ባለቤቱ፤ እኔም ደስ አለኝ። ከባንክ አውጥቼ ጥሬ ገንዘቡን በፖስታ ሰጠኋቸው። ማታ በስልክ «1300 ዲፖዚቱ ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ቤቱ የገድ ይሁንልሽ» የሚል ቴክስት ላኩልኝ። ይህን ቴክስት አስታውሱልኝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ስማቸውን አልጠራም፤ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው፣ ባለቤታቸውን እትዬ። ከዚህ በታች የምጽፈው ቅሬታ ስላለበት፣ አስቀድሜ የሠሩልኝን ደግ ነገር ልናገር። ጋሼ ሥራ ውለው መጥተው መንዳት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ መንጃ ፈቃድ ልፈተን ስሄድ የተፈተንኩትም በእሳቸው መኪና ነው። በ2020 ኮቪድ ይዞኝ ታች ተኝቼ ሳለሁ እትዬ ጠዋትና ማታ አጥሚት በቴርሞስ ሞልተው ደረጃው ላይ እያስቀመጡ፣ በሩን አንኳኩተው ይመለሱ ነበር። በዚያው ወቅት የሥራ ሰዓት ሲቀነስብኝ ጋሼ የአንድ ወር ኪራይ እስክከፍል ሁለት ወር ታግሠውኛል። ይህን የሚረሳ ሰው ሰው አይባልም።

በ2023 የጸደይ ወራት ልጄ ከአዲስ አበባ ልትመጣ ቪዛዋ ደረሰ። አንድ ክፍል ለሁለታችን አይበቃምና ዊተን አጠገብ ባለ ሁለት ክፍል አፓርትመንት አገኘሁ። አዲሱ ቤት የመጀመሪያውን ወር ኪራይና ዲፖዚት ባንድ ላይ ይፈልጋል። የቆጠብኩት አልበቃ ብሎኝ ከእቁብ ጓደኞቼ አንዷ ዕጣዋን ለቀቀችልኝ፤ «ጋሼ ዲፖዚቱን ሲመልሱልኝ፣ እስከ ሐምሌ እሰጥሻለሁ» ብዬ ቃል ገባሁላት። እሷም ሰው ናት፤ ያቺን ዕጣ የምትጠብቅላት የእናቷ ሕክምና ነበረባት።

ግንቦት መጀመሪያ ላይ ለጋሼ እንደምለቅ በቃል ነገርኳቸው። ሜይ 31 ቀን 2023 ቁልፉን አስረከብኩ። ከዚያ በፊት ሁለት ቀን ሙሉ ቤቱን አጸዳሁ፤ ምድጃውን፣ ፍሪጁን፣ መታጠቢያውን፣ መስኮቱን ሳይቀር። አራት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወር የቀረው የኖርኩበት ቤት ነውና፣ ባዶ ሆኖ ሳየው ሆዴ ባባና ለማስታወሻ ብዬ እያንዳንዱን ማዕዘን በስልኬ ፎቶ አነሣሁት። ለማስረጃ ብዬ አልነበረም።

አንድ ጥፋት ነበረብኝ። ቡና ሳፈላ ከማንደጃው ፍም ተፈናጥሮ የማድ ቤቱን የላስቲክ ወለል አንድ ጣት በሚያህል ቦታ አቃጥሎታል። ራሴ ነኝ ያሳየኋቸው። «ይቺ የኔ ናት፣ ጋሼ፤ የሚያስወጣውን ቀንሱልኝ» አልኳቸው። «ኧረ ተይ፣ ይህም ነገር ሆኖ!» ብለው ስቀው ሸኙኝ።

ከዚያ መጠበቅ ጀመርኩ። ሰኔ አጋማሽ ላይ ብደውል «ገና ወርጄ አላየሁትም» አሉ። ከሳምንት በኋላ «ቀለም ላስቀባ ነው፣ እሱን እንይ» አሉ። ከዚያ ስልክ ማንሣት ተዉ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እትዬን አግኝቼ ብጠይቃቸው፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ፦

«ውይ ልጄ፣ ቤቱ እኮ የወጥ ሽታ ይዟል። ምንጣፉ ሊነሣ ነው። ቀለሙም አለ። እንዲያውም ብናሰላው አንቺው ትጨምሪልን እንደሆን እንጂ የሚተርፍሽ የለም» አሉኝ።

የወጥ ሽታ! አንባብያን ፍረዱኝ፤ ከላይ ፎቅ የሚሠራው ዶሮ ወጥ በማሞቂያው ቀዳዳ እየወረደ ስንት የጾም ቀን አስቸግሮኛል! ያን ዕለት ግን ሳቅ አልመጣልኝም። እንባዬን ዋጥ አድርጌ ሄድኩ።

ለአክስቴ ልጅ ብነግረው «ተዪው» አለኝ። «ያ ሁሉ ውለታ ተረሳሽ? ለ1300 ዶላር ከጋሼ ጋር ልትጣዪ ነው? የሰው አገር ላይ ነን፤ እግዜር በሌላ ይሰጥሻል።» ሦስት ቀን አሰብኩበት። ልተወው ወስኜም ነበር። ግን ከእቁብ ጓደኛዬ ፊት ምን ብዬ ልቁም? በራሴ ገንዘብ ውለታ ልክፈል ብል እሺ፤ በሷ እናት ሕክምና ግን ውለታ ልከፍል አልችልም። ነገሩ የተገለጠልኝ ያን ጊዜ ነው። አጥሚቱ ውለታ ነው፣ መንዳት ማስተማሩም ውለታ ነው፤ እኔም በሕይወቴ ሙሉ በአክብሮት እከፍለዋለሁ። ዲፖዚቱ ግን ውለታ አይደለም፤ አደራ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ካደባለቅናቸው ውለታውም ይረክሳል፣ አደራውም ይጠፋል።

የሌሊት ፈረቃ አብራኝ የምትሠራ አንዲት የጋና ሴት አለች። ነገሩን ስነግራት የመጀመሪያ ጥያቄዋ «ከወጣሽ ስንት ቀንሽ ነው?» የሚል ነበር። ቀን መቁጠር ለምን እንዳስፈለገ አልገባኝም። «በሜሪላንድ 45 ቀን ነው፤ ቁጠሪ» አለችኝ። በማግስቱ ወደ ሞንትጎምሪ ካውንቲ 311 ደወልኩ፤ አማርኛ አስተርጓሚ ብዬ ብጠይቅ በስልኩ ላይ አገናኙኝ። ካውንቲው የአከራይና የተከራይ ጉዳይ የሚያይ ቢሮ እንዳለው፣ ምክሩም ክፍያ እንደማይጠየቅበት የሰማሁት ያን ቀን ነው። በዚህ አገር አራት ዓመት ሙሉ ስኖር ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ጠይቄ አላውቅም።

የተማርኩትን ባጭሩ ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ዲፖዚት የባለቤቱ ገንዘብ አይደለም። የሜሪላንድ ሕግ አከራዩ ዲፖዚቱን በተቀበለ በ30 ቀን ውስጥ ለዚሁ በተለየ የባንክ ሒሳብ እንዲያስቀምጠውና ለተከራዩ ደረሰኝ እንዲሰጥ ያዛል። ወለድም ይታሰብለታል፤ ወለዱ ብዙ ባይሆንም የተከራዩ ነው።

ሁለተኛ፣ ተከራዩ ከወጣ በኋላ አከራዩ በ45 ቀን ውስጥ ገንዘቡን መመለስ አለበት። የሚቀንሰው ነገር ካለ ደግሞ ምን እንደተበላሸና ለማሠሪያው ስንት እንደወጣ አንድ በአንድ ዘርዝሮ በዚያው 45 ቀን ውስጥ በፖስታ መላክ አለበት። ዝርዝሩን በጊዜው ካልላከ ለብልሽት ብሎ የመቀነስ መብቱን ያጣል። ያለ በቂ ምክንያት ገንዘቡን ከያዘው ደግሞ ፍርድ ቤት ከያዘው ገንዘብ እስከ ሦስት እጥፍና የጠበቃ ወጪ ሊፈርድበት ይችላል።

ሦስተኛ፣ ሰው ሲኖርበት በተፈጥሮው የሚያረጅ ነገር የተከራዩ ዕዳ አይደለም። ፀሐይ ያደበዘዘው ቀለም፣ በእግር ብዛት የሳሳ ምንጣፍ፣ ሥዕል የተሰቀለባት ትንሽ የምስማር ቀዳዳ ከኑሮ የሚመጣ ማርጀት ነው። በር መስበር፣ ምንጣፍ ማቃጠል፣ ወይም እንደኔ ወለል ላይ ፍም መጣል ግን ጉዳት ነውና ይከፈልበታል። ጋሼ ሊያስቀቡት የፈለጉት ቀለም እኔ ስገባም አዲስ አልነበረም፤ ምንጣፉም ከኔ በፊት ሁለት ተከራይ ያየ ነው።

ከሜይ 31 ጀምሬ ብቆጥር 45ኛው ቀን ጁላይ 15 ላይ ዋለ። ገንዘብም ዝርዝርም አልመጣም። በ18ኛው ቀን ደብዳቤ ጻፍኩ። የጻፍኩት አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ መቼ እንደገባሁ፣ ስንት እንደከፈልኩ፣ መቼ እንደወጣሁ፣ 45 ቀኑ መቼ እንዳለፈ፣ የአሁኑ አድራሻዬ የት እንደሆነ፣ በ14 ቀን ውስጥ ገንዘቡ ካልተመለሰልኝ በሕግ እንደምጠይቅ። ስድብ የለበትም፤ «ለተከበሩ» ብዬ ጀምሬ «ከአክብሮት ጋር» ብዬ ነው የጨረስኩት። የስልኩን ቴክስትና የዚያን ቀን ገንዘብ ያወጣሁበትን የባንክ ወረቀት ቅጂ አያያዝኩበት። ፖስታ ቤት ሄጄ በሰርቲፋይድ ሜይል፣ መድረሱን ከሚያረጋግጠው ካርድ ጋር ላክሁት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። አባቴን የከሰስኩ ነበር የመሰለኝ።

መልሱ በፖስታ አልመጣም፤ በዘመድ በኩል መጣ። «ሕግ ጠቀሰችብኝ! ልጄ ብዬ ያኖርኳት፣ በፖስታ ቤት አስፈርማ ደብዳቤ ላከችብኝ!» ብለው ጋሼ ለአክስቴ ልጅ ደወሉለት። በሳምንት ውስጥ ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። አንዳንዱ ሰላም ሲለኝ ዓይኑን ሰበር ያደርጋል። አንዲት የማከብራቸው እናት ደግሞ ጠጋ ብለው «ደግ አደረግሽ፤ እኔም ሁለት ጊዜ ተበልቼ ዝም ብያለሁ» አሉኝ በጆሮዬ። ስንቱ ሰው በጆሮ ብቻ እንደሚያወራ የገባኝ ያኔ ነው።

14 ቀኑ ሲያልፍ ሲልቨር ስፕሪንግ ሴኮንድ አቬኑ ላይ ወዳለው የዲስትሪክት ኮርት ሄጄ የክስ ፎርም አመጣሁ። እስከ 5000 ዶላር ለሆነ ጉዳይ ስሞል ክሌይምስ የሚባል ችሎት አለ፤ ጠበቃ ማቆም ግዴታ አይደለም። ፎርሙን ሞልቶ ገንዘብ ቤት መጠነኛ ክፍያ ከፍሎ ማስገባት፣ ለተከሳሹ በሕጋዊ መንገድ እንዲደርሰው ማድረግ፣ በቀጠሮው ቀን ማስረጃን ይዞ መቅረብ ነው። እንግሊዝኛው ለሚከብደው ሰው አስተርጓሚ ፍርድ ቤቱ በነጻ ያቆማል፤ ጥያቄውን ግን ቢያንስ ከቀጠሮው 30 ቀን አስቀድሞ በፎርም ማስገባት ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ ነገረችኝ። እኔም ፎርሙን ሞላሁት፤ ግን አላስገባሁትም። አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ አኖርኩት።

ለምን አላስገባሁትም? ፈርቼ ብቻ አይደለም። አያቴ ጎረቤት ሲጣላ «በሕግ አምላክ!» የሚሉት ቃል ነበር። ይህ ቃል ሲጠራ ሁሉም ባለበት ይቆማል፤ ዱላ ያነሣም ያወርዳል። ከዚያ በኋላ ነው ወይ ሽማግሌ ወይ ዳኛ የሚመጣው። ደብዳቤዬ «በሕግ አምላክ» ማለቴ ነበር። አሁን ጋሼ እንዲቆሙልኝ አንድ ዕድል ልስጣቸው ብዬ ለአክስቴ ልጅ ነገርኩት፦ «ፎርሙ በእጄ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሽማግሌ ከመጣ እቀመጣለሁ፤ ካልመጣ አስገባለሁ።»

በነሐሴ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች በጋሼ ሳሎን ተሰበሰቡ። አንደኛው ቄስ ናቸው፣ ሁለተኛው የጋሼ የድሮ ጓደኛ፣ ሦስተኛው ደግሞ አገር ቤት በወረዳ ዳኝነት ያገለገሉ ጸጥ ያሉ ሰው። እትዬ ቡና አቀረቡ፤ እጄን ስዘረጋ ያ የአጥሚቱ ቴርሞስ መደርደሪያ ላይ ታየኝና ጉሮሮዬን አነቀኝ።

ንግግሩ እንደተለመደው ተጀመረ። የጋሼ ጓደኛ «ልጄ፣ አንቺም ትንሽ፣ እሱም ትንሽ፤ ግማሹን ተዪለትና ይብቃ» አሉኝ። ሽማግሌ ሁሉ ግማሽ ይወዳል፤ ግማሽ ለሁለቱም ፍትሕ ይመስላል። እኔም «አባቴ፣ ገንዘቡ የራሴ ቢሆን ሙሉውን እተውላቸው ነበር፤ ግን የሰው ብድር አለብኝ። ጥፋቴንም አልደብቅም» ብዬ የወለሉን ፎቶ አወጣሁ። የወለል ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ጠይቄ፣ ያቺን ቦታ ቆርጦ ለመለጠፍ ዕቃውና የእጅ ዋጋው 90 ዶላር እንደሚሆን በወረቀት አስጽፌ ነበር የሄድኩት። «ይቺን 90 ዶላር ቀንሱ። ሌላ ያበላሸሁት ካለ አሳዩኝ» አልኩ። የቀሩትንም ፎቶዎች አንድ በአንድ አሳየኋቸው። እትዬ ምድጃው እንደዚያ ነጭ እንደነበር አላስተዋሉም ነበር መሰለኝ፤ ስልኩን ይዘው ቆዩ።

ያን ጊዜ እስካሁን ዝም ብለው የነበሩት የቀድሞው ዳኛ ወደ ጋሼ ዞረው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ።

«ገንዘቡ አሁን የት ነው ያለው?»

ሳሎኑ ጸጥ አለ። ጋሼ ሲኒያቸውን አዙረው አዙረው አስቀመጡት።

«የለም» አሉ በመጨረሻ። «በገባችበት ዓመት ማሞቂያው ተበላሽቶ ነበር። በሱ አሠራሁት።»

በ2019 ክረምት ያሞቀኝ ማሞቂያ በራሴ ዲፖዚት የተሠራ ነበር ማለት ነው! እኔም ሳላስበው ሳቅሁ፤ እሳቸውም በሐፍረት ፈገግ አሉ። ከዚያ የተናገሩት ግን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።

«እኔ እዚህ አገር የመጣሁት በ1991 ነው። ሦስት አፓርትመንት ቀይሬያለሁ፤ ካንዱም ዲፖዚት ተመልሶልኝ አያውቅም። አንዱ ጽዳት ይላል፣ አንዱ ቀለም ይላል። እኔም እንግሊዝኛ አልነበረኝ፣ ዝም አልኩ። ዲፖዚት ማለት ተከፍሎ የሚቀር ነገር ነው የመሰለኝ። ቤት ስገዛ ተራው የኔ ደረሰ ብዬ ነው እንጂ ልጅቷን ለመጉዳት አይደለም።»

ዳኛው ረጋ ብለው «እንግዲህ ያንተን የበሉት ሰዎች ዕዳ በሷ ላይ አይወራረድም» አሉ። ነገሩ በዚህ አለቀ።

ከ1300 ላይ 90 ተቀንሶ 1210 ዶላር እንዲመለስልኝ ተወሰነ። ስለ ወለዱም ዳኛው አንሥተው ነበር፤ እኔ «ለዛሬው ቡና ይሁን» ብዬ በፈቃዴ ተውኩት። ሦስት እጥፉንም አልጠየቅሁም። 600 ዶላር በዚያው ቀን፣ 610 ደግሞ በመስከረም መጨረሻ ይከፈላል ተባለ። በዚህ ጊዜ ቃሉ በወረቀት ተጽፎ ሁለታችንም ፈረምንበት፤ ሽማግሌዎቹም በምስክርነት ፈረሙ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይሉ የለ? ከዚያ ተነሥተን ይቅር ተባባልን፣ የጋሼን ጉልበት ስሜ ወጣሁ። ሁለተኛው ክፍያ ሁለት ሳምንት ዘግይቶ መጣ፤ ግን መጣ። የእቁብ ጓደኛዬን ብድር ቀሪውን ከደመወዜ ሞልቼ ከፈልኩ። ለሐምሌ ያልኳት ጥቅምት ላይ ሆነብኝ፤ እሷም ምንም አላለችኝም፤ ያ ዝምታዋ ግን ከጋሼ ቁጣ በላይ ነው የከበደኝ።

ሁሉም እንደ ድሮው ሆነ ብዬ አልዋሻችሁም። አንዳንድ ነገር ከተሰነጠቀ ቢጠገንም መስመሩ ይታያል። ግን ሰላምታችን አልተቋረጠም፤ ልጄን ይዤ ሄጄ አስተዋውቄያቸዋለሁ።

ለእናንተም ከልምዴ ይህን ልምከር። ስትገቡ፣ አከራያችሁ ወንድማችሁም ቢሆን ሊዝና ደረሰኝ ያዙ። ሜሪላንድ ከሆናችሁ በገባችሁ በ15 ቀን ውስጥ ቤቱ ቀድሞ ያለበት ጉዳት እንዲዘረዘርላችሁ በሰርቲፋይድ ሜይል ጠይቁ። ገንዘብ በጥሬው አትስጡ፤ በቼክ፣ በመኒ ኦርደር ወይም በባንክ በኩል ይሁን። የገባችሁ ቀንም የወጣችሁ ቀንም ፎቶ አንሡ። ስትወጡ፣ የምትለቁበትን ቀንና አዲሱን አድራሻችሁን ቢያንስ 15 ቀን ቀደም ብላችሁ በሰርቲፋይድ ሜይል አሳውቁ፤ ቤቱ ሲታይ በቦታው የመገኘት መብታችሁ የሚከበረው እንዲህ ስታደርጉ ነው። እኔ በቃል ብቻ ተናግሬ ይህን መብት አባክኛለሁ። ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ወዲህ ለሚደረግ ኪራይ ደግሞ ሜሪላንድ ውስጥ ዲፖዚቱ በጥቅሉ ከአንድ ወር ኪራይ መብለጥ የለበትም፤ ድሮ እስከ ሁለት ወር ነበር።

ቀኑ እንደየስቴቱ ይለያያል። በዋሽንግተን ዲሲና በቨርጂኒያም 45 ቀን ነው፤ በካሊፎርኒያ 21 ቀን፤ በቴክሳስ 30 ቀን ሆኖ፣ እዚያ ተከራዩ አዲሱን አድራሻውን በጽሑፍ መስጠት አለበት። የትም ብትሆኑ ስትወጡ ካላንደር ላይ ቀን ቁጠሩ።

ቤት ያላችሁ ወገኖችም አትቀየሙኝ። የናንተም ሸክም ይገባኛል፤ ሞርጌጅ አለ፣ ታክስ አለ፣ ጣራ ያፈሳል። ግን ያቺን ገንዘብ ለብቻዋ አስቀምጧት። የምትቀንሱት ካለ ዘርዝራችሁ ጻፉ። ተከራያችሁ ደረሰኝ ሲጠይቃችሁ ያልተማመነባችሁ አይምሰላችሁ፤ ወዳጅነታችሁ እንዳይበላሽ ነው።

በ2024 የፋሲካ ሰሞን ስልኬ ጮኸ፤ ጋሼ ናቸው። እንኳን አደረሰሽ ተባብለን፣ ስለ ልጄ ጠይቀውኝ፣ ትንሽ ዝም አሉና፦

«ያ የሕጉ ወረቀት ቅጂው አለሽ እንዴ? ቤዝመንቱን አንድ አዲስ ልጅ ሊገባበት ነው፤ ደረሰኙ እንዴት እንደሚጻፍ ላየው ብዬ ነው» አሉኝ።

በማግስቱ ወስጄ ሰጠኋቸው። እትዬም ድፎ ዳቦ ቆርሰው በፌስታል አድርገው ሸኙኝ።

ቸር ያሰንብተን።

አንዲት ተከራይ፣ ከሜሪላንድ